ታይፈስ ነው የተባልኩት ትኩሳት

ባለፈው ዓመት ጨንቻ ቤተሰብ ጋ ሰንብቼ አዲስ አበባ ስመለስ ትኩሳት ጣለኝ። ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ወረቀቱ «ታይፈስ» ይላል። ዶክሲሳይክሊን ዋጥኩ፣ ተሻለኝ። እናቴ በስልክ ስትሰማ፣ «ላሞቹ ጋ ስትውል መዥገር ነክሶህ ይሆናላ» አለችኝ። እኛ ሰፈር ቤቱ የቀርከሃ ነው፤ ከብቱም እዚያው አንድ ጣሪያ ስር ያድራል።

«ታይፈስ እኮ በቅማል ነው» ብዬ ዘጋሁት። ግን ሥራዬ ሶፍትዌር ነውና የስህተት ምንጭ ሳላገኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለካ የእናቴ ጥርጣሬ አዲስ አበባ ላይ ቀድሞ ተነስቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ሩት ራይስ-ጉትፍሮይንድ፣ የታይፈስን ባክቴሪያ በቤት እንስሳትና በመዥገሮቻቸው ላይ አገኘሁ ብለው በ1956 ጻፉ። ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። ሻርል ኒኮል ታይፈስ በቅማል እንደሚተላለፍ በ1909 አሳይቶ፣ በ1928 ኖቤል ተሸልሞበታል። የሴትዮዋ ግኝት እውነት ከሆነ፣ ቅማል ብናጠፋም በሽታው በረት ውስጥ ተደብቆ ይጠብቀናል ማለት ነው። ብዙ ተከራከሩበት፤ ሳይንሱም በአብዛኛው አልተቀበለውም።

መዥገሮቹ ግን ባዶ አልነበሩም። በ1966 ፊሊፕ፣ ሁግስትራልና እሳቸው ራሳቸው ከኢትዮጵያ ከብት የተለቀሙ መዥገሮችን መርምረው ሪኬትሲያ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች፣ ማለትም የታይፈስን ዘመዶች፣ እንደያዙ አሳተሙ። ከእነዚህ ዘመዶች አንዱ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚለውን ስም ያገኘው በ1996 ነው። በ2009 ሙሉ ጂኖሙ ሲነበብ ናሙናው የኢትዮጵያ መዥገር ነበር! 1.28 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ነው፤ ስልኬ ላይ ካለ አንድ ፎቶ ያንሳል።

የእኔ ምርመራ ደግሞ ዋይል-ፌሊክስ ይባላል፤ የ1916 ሥራ ነው። ሪኬትሲያን ራሱን አይፈልግም። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ከደማችን ጋር ሲቀላቀል ይጓጉላል ወይ ብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ የቅማሉንም የመዥገሩንም ትኩሳት በአንድ ስም ሊጠራቸው ይችላል። መድኃኒቱ ለሁለቱም ይሠራል፣ በሽተኛው ይድናል፤ መዥገሯ ግን መዝገብ ላይ ሳትሰፍር ታልፋለች። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

የመዥገሩ ትኩሳት ብዙ ጊዜ የተነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይተዋል። ክሊኒኩ ውስጥ ልብስህን አውልቅ ያለኝ የለም።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «አንተስ ገላህን አላየህም?» አለችኝ።

አላየሁም ነበር።