የጠቆረ ሳንቲም፦ የእቶን ስሕተት ወይስ የዘመን ጠባሳ?

ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ያረጃል፤ ሲያረጅም ይጠቁራል። በመሆኑም የጠቆረ ሳንቲም ያገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ማጽዳትን ብቻ ነው። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ አሽቶ እንዲያብረቀርቅ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ጥቁረት ሁሉ እድፍ አይደለም። አንዳንዱ ጥቁረት ሳንቲሙ ገና ሳይታተም በእቶን ውስጥ የተፈጠረና ስለ አሠራሩ የሚመሰክር የታሪክ ማስረጃ ነው። ስለሆነም ከማጽዳት በፊት ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ፣ ጥቁረቱ የመጣው ከኅትመቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሳንቲምን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ቅይጡ ብረት በመዳመጫ እየተዳመጠ ይሳሳል፤ ከዚያም ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል። መዳመጡ ብረቱን ስለሚያጠነክረው፣ ቅርጹን በሚገባ እንዲቀበል በእቶን ውስጥ ግሎ መለዘብ አለበት። በእቶኑ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በጣም አነስተኛ እንዲሆን ይደረጋል። የለዘበው ክብ በኬሚካል ታጥቦ ይደርቃል፤ ጠርዙ ተነሥቶ በመጨረሻ በሁለት የቅርጽ ብረቶች መካከል ይታተማል። የእቶኑ አየር ወይም ሙቀት ከልኩ ከወጣ፣ የብረቱ ገጽ ይለወጥና አጠባው ሊያስለቅቀው የማይችል ጥቁር ሽፋን ያበጃል። ክቡም እንደ ጠቆረ ይታተማል።

ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የአሜሪካ ባለ 5 ሳንቲሙ የጄፈርሰን ኒኬል ነው። ይህ ሳንቲም እ.ኤ.አ. በ1938 መታተም የጀመረ ሲሆን፣ 75 በመቶው መዳብ፣ 25 በመቶው ኒኬል፣ ክብደቱም 5 ግራም ነው። መልኩ እንደ ብር ነጣ ያለ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1959 በፊላደልፊያ ከታተሙት መካከል ከጥቁር ግራጫ እስከ ከሰል የሚደርስ መልክ ያላቸው ተገኝተዋል። ሰብሳቢዎች «ጥቁር ቆንጆዎች» ይሏቸዋል። ጉድለቱ በእሳት ማለዘቡ ላይ የተፈጠረ መሆኑን ያጠኗቸው ሰዎች ይስማማሉ።

እንዲህ ያለውን ሳንቲም ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚረዳው ብልጭታው ነው። የቅርጽ ብረቱ ክቡን በኃይል ሲጫነው ብረቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፤ የዚህም ፍሰት ጥቃቅን መስመሮች ሳንቲሙ በብርሃን ውስጥ ሲዞር እንደ መንኰራኵር ይሽከረከራሉ። በእቶን የጠቆረ ሳንቲም ይህ ብልጭታ በጥቁሩ ሽፋን ላይ ራሱ ይታይበታል፤ ጥቁረቱ ከኅትመቱ ቀድሟልና። ሽፋኑ ለስላሳ ነው፤ የፊደላቱም ጠርዝ ስል እንደ ሆነ ይቆያል። በአንጻሩ በአፈር የተቀበረው ሻካራና የተቦረቦረ ይሆናል። ቃጠሎ ያገኘው ብልጭታውን ያጣል፤ አንዳንዴም ገጹ ያብጣል። ለማታለል በቀለም የጠቆረው ደግሞ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀለሙ በፊደላቱ ሥር ተጠራቅሞ ይገኛል።

ከማተሚያ ቤት ጠቁሮ የወጣ ሁሉም የስሕተት ውጤት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኒኬል ለጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ፣ አሜሪካ ከ1942 መጨረሻ እስከ 1945 ባለ 5 ሳንቲሙን ከመዳብ፣ ከብርና ከማንጋኒዝ ሠርታለች። ይህ ቅይጥ በአገልግሎት ላይ በቀላሉ ይጠቁራል፤ በጀርባው ካለው ሕንፃ ጉልላት በላይ በተቀረጸው ትልቅ ፊደልም ይታወቃል። በብሪታንያም በዚያው ጦርነት ቲን ስለ ጠፋ በፔኒው ውስጥ ያለው መጠን ወደ ግማሽ በመቶ ዝቅ ብሏል፤ ከ1944 እስከ 1946 የታተሙትንም ማተሚያ ቤቱ ራሱ ሆን ብሎ በኬሚካል አጥቁሯቸዋል። እንግዲህ የጦርነት ችግር እንኳ በሳንቲም መልክ ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም አሳትመዋል። በእነዚህ ላይ የሚታየው ጥቁረት ግን በአብዛኛው የእቶን ሳይሆን የብዙ መቶ ዓመታት አፈር ያመጣው ነው። ይሁንና ከጥቁረቱ ሥር የሚገኘው ሥራ እጅግ የረቀቀ ነው። የአክሱም ባለሙያዎች በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ሥፍራ፣ ስስ ወርቅ ለብጠዋል። በአሸዋ የሚፈትግ እጅ ከጥቁረቱ ጋር ይህንን ወርቅ ይገፈዋል፤ አንድ ጊዜ የተገፈፈውም አይመለስም።

ስለዚህ የጠቆረ ሳንቲም በመምህር፣ በሙዚየም ሠራተኛ ወይም በገበሬ እጅ ሲገባ፣ በመጀመሪያ ሊደረግለት የሚገባው ጠርዙን ይዞ በብርሃን ማየት፣ መመዘንና የተገኘበትን ቦታ መመዝገብ ነው። ጥቁረቱ በአሜሪካው ኒኬል ላይ የእቶኑን ስሕተት፣ በብሪታንያው ፔኒ ላይ የጦርነቱን እጥረት፣ በአክሱሙ ሳንቲም ላይ ደግሞ የመሬቱን ዕድሜ ይናገራል። ሳይመረመር የጸዳ ሳንቲም ያብረቀርቅ ይሆናል፤ የሚናገረው ግን አይኖረውም።