ኢዮሌር (የመርከብ አደጋ)

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1919 ሌሊት በስኮትላንድ ሉዊስ ደሴት፣ ስቶርኖወይ ወደብ መግቢያ ላይ የሰጠመች የብሪታንያ ባሕር ኃይል መርከብ። ስሟ በጌሊክ ቋንቋ «ንስር» ማለት ነው። ካሳፈረቻቸው 280 ያህል ሰዎች 201ዱ ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተርፈው አዲሱን ዓመት ከቤተሰባቸው ጋር ሊያከብሩ የሚመለሱ የደሴቲቱ መርከበኞች ነበሩ።

መርከቧ «የሆልም አውሬዎች» ከሚባሉት ቋጥኞች ጋር ስትላተም ከየብስ የሚለያት ሃያ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ታሪኩን ለመሸከም ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። ጨለማው ድቅድቅ፣ ማዕበሉ ብርቱ ነበር፤ ሰዎቹም ከባድ ጫማቸውንና የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበሩ። ጆን ማክላውድ የተባለ የኔስ አካባቢ ተወላጅ ገመድ ይዞ እየዋኘ ዳርቻ ደረሰ፤ 40 ያህል ሰዎች ያንን ገመድ ይዘው ወጡ። ዶናልድ ሞሪሰን ደግሞ የመርከቧን ምሰሶ አቅፎ አድሮ ጠዋት በሕይወት ተገኘ። በየመንደሩ እሳት አንድደው፣ እራት አሰናድተው የጠበቁ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በጋሪ ላይ በሬሳ ሣጥን ተቀበሉ።

ሉዊስ በጦርነቱ 1,000 ያህል ወንዶቿን አጥታ ስለነበር ይህ በቁስል ላይ ቁስል ሆነ። የተረፉትና መበለቶቹ ለአሥርት ዓመታት ስለዚያች ሌሊት አፋቸውን አልከፈቱም። የደሴቲቱ የጦርነት መታሰቢያ ማማ በ1924 ስቶርኖወይ ላይ ተመረቀ፤ ሆልም ዳርቻ ላይ የመርከቧ ሙታን የራሳቸው ሐውልት ያገኙት ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። በ2019፣ በመቶኛ ዓመቱ፣ ልዑል ቻርልስ በሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን አኑረዋል።