የባንዳ ነይራ ወደብና የገውዝ ንግድ ታሪክ

ገውዝ የሚባለው ቅመም በአገራችን ገበያና ማዕድ ቤት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ፍሬ በመጀመሪያ ከየት አገር እንደ ወጣና ስለ እርሱም ምን ያህል ደም እንደ ፈሰሰ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አይገኝም። እኛም ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው የወደድነው የዚሁ ፍሬ አገር የሆነችውን የአንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ታሪክ ነው። ስሟ ባንዳ ነይራ ይባላል። ባንዳ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ከጠላት ወረራ ዘመን ጀምሮ ክፉ ትርጓሜ ቢይዝም፥ የእነዚህ ደሴቶች ስም ከዚያ ጋራ ምንም ግንኙነት የለውም። ዓመቶቹንም፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

የባንዳ ደሴቶች በኢንዶኔዥያ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ማሉኩ በሚባለው አውራጃ፥ ከሴራም ደሴት በስተደቡብ ይገኛሉ። ቍጥራቸው አሥር ያህል ሲሆን ሁሉም ትንንሾች ናቸው። ነይራ ከተማ ፊት ለፊት ጉኑንግ አፒ የሚባለው ተራራ ከባሕሩ ውስጥ ወጥቶ ይታያል፤ ትርጓሜውም የእሳት ተራራ ማለት ነው፤ በ1988 ዓመተ ምሕረትም እሳት ተፍቷል። የገውዝ ዛፍ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ፍሬው በበሰለ ጊዜ ይሰነጠቅና በውስጡ ያለው ዘር ቀይ መረብ የመሰለ ልባስ ለብሶ ይታያል። ዘሩም ልባሱም በየራሳቸው የከበረ ዋጋ ነበራቸው። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ለዓለም ገበያ የሚቀርበው ገውዝ የሚመጣው ከእነዚህ ደሴቶች ነበር።

የባንዳ ሰዎች ንጉሥ አልነበራቸውም። ሕዝቡን የሚያስተዳድሩት በማላይ ቋንቋ ኦራንግ ካያ፥ ማለት ባለጸጎች፥ የሚባሉ ሽማግሎች ነበሩ። እያንዳንዱ መንደር የየራሱ ሽማግሎች ስለ ነበሩት አንዱ የተዋዋለው ውል ሌላውን አያስርም ነበር። መሬቱም ጠባብና ተራራማ በመሆኑ ለሕዝቡ የሚበቃ እህል አይሰጥም። ስለዚህ የጃቫና የማላይ ነጋዴዎች ሩዝና የሕንድ የጥጥ ልብስ፥ የጎረቤት ደሴቶች ሰዎችም ሳጎ የሚባለውን የዛፍ ዱቄት ያመጡላቸው ነበር፤ እነርሱም በምትኩ ገውዝ ይሰጣሉ። እንግዲህ ለባንዳ ሰዎች ከብዙ ነጋዴዎች ጋራ መገበያየት የትርፍ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የኋላው መከራ ሁሉ ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነውና።

ፖርቱጋሎች በ1512 ዓመተ ምሕረት፥ ሆላንዶች ደግሞ በ1599 ወደ ባንዳ ደረሱ። በ1602 ዓመተ ምሕረት በሆላንድ አገር የተባበረው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተቋቋመ። መንግሥቱ ለዚህ ኩባንያ የንግድ ብቻ ሳይሆን ውል የመዋዋል፥ ምሽግ የመሥራትና ጦር የማዝመት ሥልጣን ሰጠው። ገንዘቡም የተሰበሰበው ከሕዝቡ ነው። በአምስተርዳም በተከፈተው የአክሲዮን መዝገብ ላይ ታላላቅ ነጋዴዎች ከነበራቸው ብዙ ሺህ ጊልደር ጋራ የአንዲት የቤት ሠራተኛ 100 ጊልደር ተጽፎ ይገኛል። በ1610 ዓመተ ምሕረት ለባለአክሲዮኖች ከተከፈለው ትርፍ ከፊሉ የተሰጠው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በራሱ በገውዝ ልባስ ነበር። ቅመሙን በእጃቸው የተቀበሉት ባለአክሲዮኖች ግን አብዛኞቹ ባንዳን በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

በዚያው በ1602 ዓመተ ምሕረት ከባንዳ ሽማግሎች አንዳንዶቹ ገውዛቸውን ለሆላንዶች ብቻ ለመሸጥ የሚያስገድድ ውል ፈረሙ። ሁሉም አልፈረሙም። የውሉም ትርጓሜ በሁለቱ ወገኖች ዘንድ አንድ አልነበረም። ሆላንዶች ለዘላለም የሚያስር ሕግ አድርገው ቈጠሩት፤ የባንዳ ሰዎች ግን እንደ ቀድሞው ሩዝና ልብስ ላመጣላቸው ነጋዴ መሸጣቸውን አልተዉም፤ ቢተዉ ኖሮ የሚበሉትን ባጡ ነበርና። ኩባንያው ይህን ውል ማፍረስ ነው አለ፤ እነርሱ ደግሞ መኖር ነው አሉ። ጠቡ የተጀመረው በዚህ ነው።

በ1609 ዓመተ ምሕረት አድሚራል ፒተር ፈርሁፍ ብዙ መርከቦች ይዞ መጥቶ በነይራ ናሳው የተባለውን ምሽግ ማሠራት ጀመረ። የባንዳ ሰዎችም ለድርድር ብለው ጠርተው ከብዙ ተከታዮቹ ጋራ ገደሉት። ከዚያ ዘመቻ ጋራ ከመጡት መካከል ያን ፒተርስዞን ኩን የሚባል ወጣት ነጋዴ ነበረ። እንግሊዞችም በበኩላቸው አይና ሩን በተባሉት ደሴቶች እየሰፈሩ ከሆላንዶች ጋራ ይፎካከሩ ነበር።

ያ ወጣት ነጋዴ የኩባንያው ጠቅላይ ገዢ ከሆነ በኋላ በ1621 ዓመተ ምሕረት ታላቅ ጦር ይዞ ባንዳን ወረረ። መንደሮች ተቃጠሉ፤ ሕዝቡም ወደ ተራራ ሸሸ፤ በረኃብና በበሽታም አለቀ። ከተያዙት ሽማግሎች 44ቱ በናሳው ምሽግ በጃፓን ቅጥር ወታደሮች ሰይፍ ተገደሉ። ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ባታቪያ፥ ዛሬ ጃካርታ ወደምትባለው ከተማ፥ ተጋዙ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት ከጦርነቱ በፊት 15,000 ያህል ከነበረው ሕዝብ በደሴቶቹ ላይ የቀረው 1,000 ያህል ብቻ ነው። ጥቂቶች በታንኳ አምልጠው በኬይ ደሴቶች ሰፈሩ፤ የአባቶቻቸውም ቋንቋ እስከ ዘመናችን የሚነገረው በተወለዱበት አገር ሳይሆን በዚያ በስደት መንደር ነው።

ኩባንያው ባዶ የቀረውን ምድር በ68 የተክል ቦታዎች ከፍሎ ለሆላንዳውያን ሰጠ፤ የሚሠሩትን ባሪያዎች ከልዩ ልዩ አገር አመጣ፤ ፍሬውንም በራሱ ቍርጥ ዋጋ ብቻ ይገዛ ነበር። በ1667 ዓመተ ምሕረት በብሬዳ በተደረገው ውል እንግሊዞች በሩን ደሴት ላይ የነበራቸውን ይገባኛል ባይነት ተዉ፤ ሆላንዶችም ቀድሞ የተወሰደባቸውን፥ ዛሬ ኒውዮርክ የምትባለውን ከተማ ለእንግሊዞች ለቀቁ። ነገር ግን ይህን ያህል ደም የፈሰሰበት ብቸኛ ንግድ ለዘላለም አልጸናም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች፥ ቀጥሎም እንግሊዞች ችግኙን ወስደው በሌላ አገር ተከሉት። ኩባንያውም በዕዳ ተይዞ በ1799 ዓመተ ምሕረት ፈረሰ።

ከዚህ በኋላ ነይራ በዓለም ዘንድ ተረሳች፤ የሆላንድ መንግሥትም ሩቅና ጸጥተኛ መሆኗን አይቶ የግዞት ቦታ አደረጋት። በ1936 ዓመተ ምሕረት መሐመድ ሐታና ሱታን ሻህሪር ስለ አገራቸው ነጻነት በመሥራታቸው ወደዚያ ተጋዙ። ሐታ 16 ሣጥን መጻሕፍት ይዞ ነበር የሄደው። ሁለቱም እስከ 1942 መጀመሪያ ድረስ በዚያ ሲኖሩ የአገሩን ልጆች ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በ1945 ዓመተ ምሕረት ኢንዶኔዥያ ነጻነቷን ባወጀች ጊዜ ሐታ ምክትል ፕሬዚዳንት፥ ሻህሪርም የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ታኅሣሥ 27 ቀን 1949 ሆላንድ ሥልጣኗን ስታስረክብ፥ የባንዳ የአክሲዮን ገንዘብ በተሰበሰበባት በአምስተርዳም ከተማ፥ በኢንዶኔዥያ በኩል የፈረመው ይኸው የባንዳ ግዞተኛ ሐታ ነው። በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 1947 ዓመተ ምሕረት በባንዱንግ የእስያና የአፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ በተደረገ ጊዜም አገራችን ከ29ኙ ተሰብሳቢዎች አንዷ ነበረች።

ዛሬ ወደ ነይራ የሚሄድ ጎብኚ ምሽጎቹን፥ ሐታ የኖረበትን ቤትና የገውዙን ዛፎች ያያል፤ ባሕሩም ለዋናተኞች የታወቀ ነው። እኛ የውጭ ገንዘብ ወደ ትንሽ ወደብ መግባቱን አንነቅፍም፤ የጃቫና የማላይ ነጋዴዎችም በባንዳ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን በእነርሱ ምክንያት አልጠፋም። ያጠፋው ገዢው አንድ ብቻ ይሁን መባሉና ያ ገዢ ነጋዴም፥ ዳኛም፥ ጦረኛም ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ በሩቅ አገር ገንዘቡን የሚያውል ሰው ትርፉ ከምን እንደሚመጣ ይጠይቅ፤ ውል የሚቀበል አገርም ከመፈረሙ አስቀድሞ ቃሉ በሌላው ወገን ዘንድ እንዴት እንደሚተረጐም ይመርምር። ይህንም መርምሮ የሚያውቅ ሰው የሚገኘው ከትምህርት ቤት ስለ ሆነ፥ ሐታና ሻህሪር በግዞት ሳሉ ልጆችን ለማስተማር መድከማቸው ከንቱ አልነበረም።