ሰባቱ ቤቶች የት ገቡ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዲስ ቅዳም ገበያ ውስጥ ነበርን። ከተማዋ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ ናት። ገብስ ሲሰፈር፣ የከሰል ጆንያ ሲጫን እያየን አንድ ሽማግሌ “ልጆቼ፣ የየትኛው ቤት ናችሁ?” ብለው ጠየቁን። አድራሻ የጠየቁን መስሎን ቀበሌና የቤት ቁጥር መናገር ስንጀምር ሳቁብን። እኛም ያን ቀን ከሳቅነው ይልቅ ያፈርነው ይበልጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገው ምድር የሰባት ቤት አገር ነው። ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ቻራ፣ ኳኩራ እና መተከል። በአፈ ታሪኩ ሰባት ወንድማማቾች ከላስታ ወገን መጥተው መሬቱን ተካፈሉ፤ ስማቸውም የመሬቱ ስም ሆነ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ወደ ግሽ ዓባይ በመጣ ጊዜ ለጎንደር ከተማ ከብቱን፣ ቅቤውንና ማሩን የሚያቀርበው ይህ ሕዝብ እንደነበረ ጽፏል።

ታዲያ ዛሬ ካርታ ዘርግተን ሰባቱን ቤቶች ብንፈልጋቸው የት እናገኛቸዋለን? ባንጃ፣ አንከሻና ዚገም በወረዳ ስም ላይ ቀርተዋል። አዘና የከተማ ስም ሆናለች። ቻራና ኳኩራ ወረዳ የመሆን ዕድል አልገጠማቸውም። መተከል ግን ከሁሉም ከፍ ብሎ የአንድ ሙሉ ዞን ስም ሆኗል። ችግሩ ዞኑ ሌላ ክልል ውስጥ መሆኑ ነው።

በንጉሡ ዘመን ይህ ሁሉ ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነበር። አገው ምድር አውራጃ ከዳንግላ፣ መተከል አውራጃ ደግሞ ከቻግኒ ይተዳደሩ ነበር። (ዳንግላ ያን ጊዜ የዋዛ ከተማ አልነበረችም፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ ቆንስሉ ቺዝማንም የጣናንና የዓባይን ካርታ የሠራው እዚያ ተቀምጦ ነው።) በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ አገሪቱን በብሔር ሲያካልል መተከል ከጎጃም ወጥቶ ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሄደ፤ የዞኑም ከተማ ግልገል በለስ ሆነች። የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው ቻግኒ ግን አማራ ክልል ውስጥ ቀረች። መተከል ያለ ቻግኒ፣ ቻግኒም ያለ መተከል ማለት ነው።

ከመስመሩ ወዲህ ያለው አገው “የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር” አገኘ። ስሙ እንዲሁ ለጌጥ አይደለም። በአማራ ክልል ሌላ ተራ ዞን የራሱ ምክር ቤት የለውም፤ አስተዳዳሪውን ክልሉ ይሾምለታል። አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ግን የየራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት አላቸው፤ ምክር ቤቱም አስተዳዳሪውን ይመርጣል፣ በሥራ ቋንቋው ይወስናል። አውኝኛ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ትምህርት ቤት የገባው በዚህ በር ነው። በእኛ በኩል ይህን እንደ ትንሽ ነገር አናየውም።

ከመስመሩ ወዲያስ? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመተከል ዞን ሕዝብ ከአሥሩ አንዱ ያህል አገው ነበር። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት ግን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ የሚዘረዝረው በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሽናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነው። አገው የለበትም። በቤቱ ስም በሚጠራ ዞን ውስጥ እንግዳ ነው።

እዚህ ላይ ግን “ስሙ የእኛ ነው፣ መሬቱም የእኛ” ለማለት የሚቸኩል ወዳጃችን ትንሽ ይታገሠን። ስም የይዞታ ካርታ አይደለም። ጉሙዝ በዚያ ቆላ የኖረው ከትናንት ወዲህ አይደለም፤ የደጋ ሹማምንት፣ የአገውም ጭምር፣ ለዘመናት ባሪያ ሊፈነግሉ ይወርዱበት ነበር። ጉሙዝ የራሱ ክልል ሲያገኝ መደሰቱ ሊገርመን አይገባም። የሚገርመን መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች በሁለቱም በኩል የሚቀረውን ሰው ምን ይሁን ብለው እንዳሰቡ ነው።

መልክዓ ምድሩም መስመር የሚወድ አይደለም። ከእንጅባራ (አሮጌዎቹ አሁንም ኮሶበር የሚሏት) ደጋ ተነስተው የዘንገናን ሐይቅ አይተው ወደ ምዕራብ ሲወርዱ ብርዱ ያበቃና የጃዊና የበለስ ቆላ ይጀምራል። ጃዊ አዊ ዞን ነው፤ ከጎኑ ያለው ዳንጉር መተከል ነው። ከብቱ ሣር ፍለጋ ሲሻገር ክልል አይጠይቅም። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ዳንጉር ውስጥ የተጀመረው ግድያ ወደ ጃዊ ዞረና እዚያ የነበሩ ጉሙዞች ተገደሉ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ሌሊት ጥቃት ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ።

ከዚያ የተረፉት፣ አገውም አማራም ሽናሻም፣ በሺዎች ሆነው መስመሩን ተሻገሩ። ራንች በሚባለው መጠለያ የሰፈሩት ቻግኒ ነው። ሽማግሌዎቹ ያንን መንገድ ያውቁታል፤ በወጣትነታቸው ለግብርና ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ አውራጃው ከተማ ይመጡበት የነበረው መንገድ ነው።