ከሐዘን የተወለደው አውሬ፤ የ«ጎድዚላ» ፊልሞች አነሣሥና አወዳደቅ

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ የሕዝብን ልብ በነካ ማግስት «ይቀጥል» የሚል ድምፅ መሰማቱ የተለመደ ነው። ተመልካች የወደደውን ገጸ ባሕርይ ዳግመኛ ለማየት ይጓጓል፤ ነጋዴም ይህን ጉጉት በገንዘብ ይተምነዋል። በፊልም ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ድንቅ፣ ሁለተኛው ደኅና፣ አምስተኛው አሰልቺ፣ አሥረኛው መሳቂያ የሆነባቸው ተከታታይ ሥራዎች ጥቂት አይደሉም። የውድቀቱ ምክንያት ብዙውን ጊዜ የባለሙያዎች መለዋወጥ ወይም የገንዘብ ማነስ ነው ይባላል። የጃፓኑ «ጎድዚላ» ታሪክ ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ ምክንያት መኖሩን ያስገነዝባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርች 1 ቀን 1954 ዓ.ም. ዩናይትድ ስቴትስ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በቢኪኒ ደሴቶች፣ የሃይድሮጂን ቦምብ አፈነዳች። የቦምቡ ኃይል ሂሮሺማን ካወደመው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር። አስቀድሞ ከተከለለው የአደጋ ቀጣና ውጭ ዓሣ ታጠምድ በነበረች «ዕድለኛው ዘንዶ ቁጥር 5» በተባለች የጃፓን ጀልባ ላይ ነጭ አመድ እንደ በረዶ ዘነበባት። 23ቱ ዓሣ አጥማጆች በጨረር ተመርዘው ወደ ያይዙ ወደብ ተመለሱ፤ የሬድዮ ሠራተኛው አይኪቺ ኩቦያማም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 23 ቀን ሕይወቱ አለፈ። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከጋዩ ገና ዘጠኝ ዓመት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ሕዝቡ ቁስሉ ሳይሽር ዳግመኛ ተነካ።

የቶሆ ፊልም ኩባንያው ፕሮዲዩሰር ቶሞዩኪ ታናካ ስለ አንድ የባሕር አውሬ ፊልም ለመሥራት ያሰበው በዚህ ወቅት ነው። የዲሬክተርነቱን ኃላፊነት የተቀበለው ኢሺሮ ሆንዳ በቻይና ግንባር ወታደር የነበረ፣ በ1946 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስም የሂሮሺማን ፍርስራሽ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። የካሜራውን ምትሐት ኤይጂ ጽቡራያ፣ ሙዚቃውን አኪራ ኢፉኩቤ አዘጋጁ። ፊልሙ ኖቬምበር 3 ቀን 1954 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ የመጀመሪያው ትርኢት በመርከብ ወለል ላይ አረፍ ብለው ሙዚቃ የሚሰሙ መርከበኞችን ያሳይ ነበር። ባሕሩ በድንገት ነጭ ብርሃን ይተፋል፤ መርከቢቱም ትነድዳለች። በአዳራሹ የተቀመጠው ተመልካች የየትኛዋ ጀልባ ታሪክ እንደሚነገር ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

አውሬው ከከባድ የጎማ ልብስ ውስጥ የገባ ተዋናይ ነበር፤ ከተማዋም ከትንንሽ ሞዴሎች የተሠራች ነበረች። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። በእሳት በተከበበው ጎዳና አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ በቅርቡ ከሞተው አባታቸው ጋር እንደሚገናኙ ትነግራቸዋለች። በሆስፒታሉ ውስጥ የጨረር መለኪያ ወደ አንድ ሕፃን ይጠጋል፤ ሐኪሙም ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። በጦርነቱ አንድ ዓይኑን ያጣው ሳይንቲስት ሴሪዛዋ አውሬውን ሊገድል የሚችል መሣሪያ ፈልስፎ ሳለ፣ ነገ በሰው ልጅ ላይ እንዳይውል ፈርቶ ጽሑፎቹን ያቃጥላል፤ በመጨረሻም ምስጢሩን ይዞ በባሕር ውስጥ ይቀራል። ፊልሙ የሚደመደመው በድል ፉከራ ሳይሆን በሽማግሌው ሊቅ በያማኔ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የቦምብ ሙከራው ከቀጠለ ሌላ ጎድዚላ ሊነሣ ይችላል።

ይህን ማስጠንቀቂያ ፈጥኖ የሰማው ግን ኩባንያው ሆነ። ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1955 ዓ.ም.፣ በሌላ ዲሬክተር የተሠራው ሁለተኛ ፊልም «ሌላ ጎድዚላ» ይዞ ቀረበ። ለሰው ልጅ የተነገረው ተግሣጽ ለገበያው በር መክፈቻ ሆነ ማለት ነው። አዲሱ ጎድዚላ ከሌላ አውሬ ጋር ይታገላል፤ ሰውም ከተጎጂነት ወደ ትግል ተመልካችነት ዞረ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፊልም አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ተጨምሮበት ለአሜሪካ ተመልካች ተዘጋጀ። ከናጋሳኪ ስለ መትረፏ የምታወሳው ሴት ንግግርና የያማኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በዚህ ቅጂ ውስጥ የሉም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ቁልቁለቱ ሣቅ የበዛበት ነበር። በ1962 ዓ.ም. በቀለም የቀረበው የጎድዚላና የኪንግ ኮንግ ግጥሚያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ፤ የመጀመሪያው ያገኘው ከ9 ሚሊዮን በላይ ነበር። ቶኪዮ የኦሊምፒክ ጨዋታን ባስተናገደችበት በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ አውሬው ከጠፈር ከመጣ ጠላት ምድርን ለመከላከል ተሰለፈ። በ1965 በሌላ ፕላኔት ላይ በደስታ ዘለለ፤ በ1967 ልጅ አሳደገ፤ በ1969 ደግሞ ከቀደሙት ፊልሞች በተቆረጡ ትርኢቶች ጭምር የተሞላ የሕፃናት ፊልም ቀረበ። ከተማ ያቃጠለው የቦምብ አምሳል የልጆች አጫዋች ሆነ።

ለዚህ ሁሉ ገበያው ያሳደረው ግፊት ቀላል አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. በጃፓን ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት ተሽጦ ነበር። ቴሌቪዥን በየቤቱ ከገባ በኋላ ግን ቁጥሩ በ1970ዎቹ ከ200 ሚሊዮን በታች ወረደ። በጀት ተቀነሰ፤ ፊልሞቹም በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ለሕፃናት የሚቀርቡ ሆኑ። በ1971 ዓ.ም. የአየርና የባሕር ብክለትን በአውሬ መስሎ ያቀረበ አንድ ፊልም ወደ ቁም ነገር ለመመለስ ሞከረ፤ ግን በዚያው ፊልም ጎድዚላ በገዛ እስትንፋሱ እየተገፋ ወደ ኋላ ሲበር ይታያል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረው የ1975ቱ ፊልም ነው። ጽቡራያ በ1970 ዓ.ም. ያረፈ ቢሆንም፣ ታናካ፣ ሆንዳና ኢፉኩቤ በአንድነት ተመልሰው ሠሩት። ሙያቸው አልደከመም፤ ስማቸውም የተከበረ ነበር። ሆኖም ተመልካቹ አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ ተከታታዩም ለዘጠኝ ዓመት ተቋረጠ። እንግዲህ የጎደለው ባለሙያ አልነበረም። የጎደለው አውሬውን የወለደው ጥያቄ ነው። ቅርፁ ከፊልም ወደ ፊልም ሲሸጋገር ይዘቱ በመንገድ ላይ ቀርቶ ነበር።

እነዚያን የመካከለኛ ዘመን ፊልሞች በንቀት ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ብዙ ሕፃናትን አስደስተዋል። የ1969ኙ ፊልም እንኳ ወላጆቹ ሥራ ስለሚውሉ ብቻውን የሚውል የከተማ ልጅ ብቸኝነትን በርኅራኄ ያሳያል። ጥፋቱ ለሕፃናት መሠራታቸው ሳይሆን የሙታን መታሰቢያ ሆኖ የቆመውን አምሳል መጫወቻ ማድረጋቸው ነው።

በኋላ የታየው ትንሣኤም ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1984 ዓ.ም. ሁለቱ ኃያላን መንግሥታት በአውሬው ላይ የኑክሊየር መሣሪያ ለመጠቀም ሲጠይቁ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር እምቢ የሚልበት ፊልም ተሠራ፤ ጎድዚላም ዳግመኛ አስፈሪ ሆነ። በአንጻሩ በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ በብዙ ገንዘብ የተሠራው ፊልም የአውሬውን መነሻ በፈረንሳይ የቦምብ ሙከራ ላይ አሳበበ፤ ብዙ ተቺዎችም ነቀፉት። በ2016 የወጣው የጃፓን ፊልም የ2011ን የመሬት መንቀጥቀጥና የፉኩሺማን አደጋ ሐዘን ተሸክሞ መጣ። በ2023 የወጣው «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ደግሞ ታሪኩን ወደ 1945 ማግስት መልሶ፣ ከሞት የተረፈ አንድ ወታደር ከኅሊናው ጋር የሚያደርገውን ሙግት አሳየ፤ በ2024 ዓ.ም. በምትሐታዊ ሥዕሉ የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የፊልም ሠሪ ብቻ አይደለም። ሕዝብ የወደደውን ድርሰት፣ ተውኔት ወይም ዜማ ለመቀጠል ብዕሩን የሚያነሣ ሁሉ፣ ገጸ ባሕርይው ተመልሶ ምን ያድርግ ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ፣ የወለደው ሕመም ዛሬ በማን ላይ በምን መልክ እንዳለ ሊጠይቅ ይገባዋል። የጎማ ቆዳ በየዓመቱ አዲስ ይሰፋል። በ1954 ዓ.ም. ከዚያ ቆዳ ጀርባ የቆሙት ግን 23 ዓሣ አጥማጆችና ሁለት የጋዩ ከተሞች ነበሩ፤ አውሬው ያስፈራ የነበረው በእነሱ ነው።