ዳታቤዝ ሰርቨር እንዴት ይዘጋል?

ደብዳቤ የሚጻፍበት ኮምፒውተር ድንገት ቢጠፋ የሚባክነው ግፋ ቢል ግማሽ ገጽ ነው፡፡ የባንክ ሒሳብ ወይም የይዞታ ማስረጃ የያዘ ሰርቨር ሲሆን ግን የሚነካው የብዙ ሰው መብት ነው፡፡ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ እንደነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ጉዳዩ እንግዳ አይሆንም፡፡

ዳታቤዝ እንደ ጠንቃቃ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፡፡ የመጣለትን ለውጥ በቅድሚያ «ሎግ» በሚባል የዕለት መዝገብ ያሰፍራል፤ ወደ ዋናው ፋይል የሚያዛውረው ቆይቶ ነው፡፡ ድንገት ቢቋረጥ ሲነሣ ሎጉን አንብቦ ራሱን ይጠግናል፡፡ ይህ ግን የሚሠራው ዲስኩ «ጽፌያለሁ» ያለውን በእርግጥ ከጻፈ ነው፡፡ የማይ ኤስኪውኤል የቀድሞው ማይአይሳም ደግሞ እንዲህ ያለ ሎግ ስለሌለው ሠንጠረዡ በቀላሉ ይበላሻል፡፡ ስለዚህ ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋትም ሆነ ፕሮግራሙን በ«ኪል 9» መግደል ክልክል ሊሆን ይገባል፡፡

ፖስትግሬስ ሦስት የመዝጊያ መንገዶች አሉት፡፡ «ስማርት» ያሉት ተጠቃሚዎች እስኪወጡ ይጠብቃል፤ አንድ ሠራተኛ ፕሮግራሙን ከፍቶ ምሳ ከሄደ ሰርቨሩም አብሮ ይጠብቀዋል፡፡ «ፋስት» ያላለቀውን ሥራ ሰርዞ፣ በሚሞሪ ያለውን ወደ ዲስክ አውርዶ ይዘጋል፡፡ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃው ይህ ነው፡፡ «ኢሚዲየት» ምንም ሳያሰናዳ ይወጣል፡፡ በኦራክል ግን «ኢሚዲየት» ማለት በሥርዓት መዝጋት ነው፤ አደገኛው «አቦርት» ይባላል፡፡ አንድ ቃል በሁለት ሕጎች ሁለት ትርጉም ሲኖረው የሚያጋጥመን ጣጣ እዚህም አለ፡፡

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፡፡ መጀመሪያ ደንበኞች የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ይቆማል፤ ቀጥሎ ዳታቤዙ በራሱ ትዕዛዝ ይዘጋል፤ መዘጋቱ በሎጉ ከተረጋገጠ በኋላ ማሽኑ ይጠፋል፡፡ ዩፒኤስ የሚገዛው ሥራ ለመቀጠል የሚመስላቸው ኃላፊዎች አሉ፡፡ ጄኔሬተር ካልተነሣ ዩፒኤሱ የሚሰጠው ይህችን የመዝጊያ ጊዜ ነው፤ ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩን ራሱ እንዲያዘጋ አስቀድሞ መስተካከል አለበት፡፡

ከድንገተኛ መቋረጥ በኋላ የሚሠራው ስህተት ከመቋረጡ ይብሳል፡፡ ዲስክ ሞላ ተብሎ የሎጉ ፋይሎች ይደመሰሳሉ፡፡ ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛ ዕትሙ የሎጉን ማኅደር ስም «ፒጂ ኤክስሎግ» ከሚለው ወደ «ፒጂ ዋል» የለወጠው ሰዎች ተራ የሥራ ማስታወሻ እየመሰላቸው ይሰርዙት ስለነበር ነው፡፡ መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ጥገናውን እስኪጨርስ መተው፣ ዘገየ ብሎም ዳግም አለማጥፋት ነው፡፡