ድንጋይ ተሸክሞ መጠበቅ

ከጎንደር ከተማ ብዙም በማትርቀው አምቦበር፣ በኅዳር አንድ ቀን ሰው ነጭ ለብሶ፣ እህል ውሃ ሳይቀምስ በማለዳ ይሰበሰብ ነበር። ከሩቅ መንደር ለሚመጣ ጉዞው ቀናት ይፈጃል። ቄሶቹ በጃንጥላ ተጋርደው፣ ኦሪቱን አስይዘው ከፊት ይወጣሉ፤ ምእመኑ በራሱ ወይም በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ይከተላል። ድንጋዩ የትሕትና ምልክት ነው። መቼም ድንጋይ የተሸከመ ሰው አንገቱን ይደፋል እንጂ አይደነፋም!

የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በዓል ስግድ ይህ ነው፤ ስሙም ከግዕዙ “ሰገደ” የመጣ ነው። የሚውለው ከአስተስርዮ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ሲሆን፣ ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት በዕዝራና በነህምያ ዘመን ቃል ኪዳናቸውን ማደሳቸው ይታሰብበታል። ተራራው ላይ በግዕዝ ይነበባል፣ ለሕዝቡ በአማርኛ ይተረጎማል፣ እጅ ተዘርግቶ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲመለሱ፣ ቤተ መቅደሱም እንዲሠራ ይለመናል። ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ጾም መፍታት፣ መብላት፣ መጨፈር። ልመናው ዘንድሮ አልሰመረም ብሎ ጭፈራውን የሚያስቀር አልነበረም።

በሌላው ጊዜ የሚጠብቁት ልጆች ነበሩ። ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ባዩ ቁጥር የኢየሩሳሌምን ደህንነት በዜማ ይጠይቁታል።

ትዕግሥት ያለቀበት ዓመትም ነበር። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ቤተ እስራኤልን ለመለወጥ ይሰብኩ ጀመር፤ ማኅበረሰቡም ተናወጠ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሐሪ የሚባሉ መነኩሴ ጊዜው ደርሷል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ተነሡ። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈላል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ባሕሩን ግን አላዩትም፤ ረሃብና በሽታ በትግራይ ምድር ፈጃቸው፣ የተረፉትም ተመለሱ። ታሪክ ጸሐፊ ይህን ውድቀት ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። የሚገርመው ግን ስግድ አለመቅረቱ ነው፤ እግር ያልደረሰበትን አገር በዓመት አንድ ቀን ከተራራ ላይ መለመኑ ቀጠለ።

ከ120 ዓመት በኋላ ሰው እንደገና በእግሩ ተነሣ፤ አሁን ወደ ሱዳን። እዚያ ካምፕ ውስጥ መጠበቁ ከመንገዱ የከፋ ነበር። በመንገድና በካምፕ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ ጥር 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1991 ደግሞ ደርግ በወደቀበት ሳምንት፣ በሰለሞን ዘመቻ፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወጡ። መቀመጫው በተነቀለ አንድ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፈረ።

ታዲያ የተለመነው ከተገኘ ስግድ ለምን ቀጠለ? የእስራኤል ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፤ ዛሬ ቄሶቹ ጃንጥላቸውን የሚዘረጉት የኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ወለል ብሎ በሚታይበት ከፍታ ላይ ነው። ቤተ መቅደሱ ግን ገና አልተሠራም፤ የልመናው ግማሽ እንዳለ ነው። ጎንደር የቀሩ ዘመዶቻቸውም ወደ እስራኤል ለመሄድ ማመልከቻ ካስገቡ ዓመታት አልፈዋቸው፣ በዚያው በዓል ነጭ ለብሰው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ያዞራሉ።